መብራት በጠፋ ቀን የተገዛ ቤዝ ጊታር

ኤረር በር አጠገብ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ፣ ቤዝ ጊታር ታቅፈው የሚቀመጡ አዛውንት አሉ። ሽርጣቸው ላይ ክርኑ የተጣፈ ቡናማ ኮት ይደርባሉ። ጊታሩ ላይ ግን አንድም ቀን አቧራ አይቼ አላውቅም።

«ባለቤቴ ሸጠኸው ግባ ብላኛለች» ይላሉ። ገዢ ቀርቦ ዋጋ ሲጠይቃቸው ግን አስቀድመው ነውሩን ይናገራሉ።

«መብራት በጠፋ ቀን ሳልሞክረው ገዛሁት፤ ይኸው ይቆጨኛል። ስፒከር ላይ ስትሰካው ያጓራል እንጂ አይዘፍንም። ደብቄ ብሸጥልህ ሐራም ነው።»

ገዢው አመስግኖ ይሄዳል። ራቅ ሲልላቸው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ይለጥፉና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። ምን እንደሚሰሙ እንጃ። ግራ እጃቸው ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ ሳያዩት ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ይሻገራል። የት ተማሩት? ከእነማን ጋር ተጫወቱ? ልብስ ሰፊዎቹ አያውቁም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም።

ትናንት ጎረቤታቸው ሬዲዮ ጠጋኙ ኤልሳዕ ጊታሩን ተቀብሎ ከጀርባው ከፈት አድርጎ አየው።

«አባባ፣ የለቀቀችው አንዲት ሽቦ ናት። አሁኑኑ በነፃ ልበይድልዎት፤ እንደ አዲስ ይሆናል» አላቸው።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ጊታሩን ከእጁ ቀስ አድርገው ወሰዱና መልሰው ታቀፉት።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ከተሠራማ ገዢ አያጣም።»