ጨርቁን የማያስመዝነው ሰው

ሮም ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር ዘብ ነኝ። ሊቀ ጳጳሳችን የቅዱሳን አጥንት እንዳይነካ ስለከለከሉ፣ ተሳላሚው ጨርቅ በቀዳዳ ወደ መቃብሩ ያወርዳል። ሲያወጣው ያስመዝነዋል፤ ከበፊቱ ከከበደ በረከት አድሮበታል።

አንድ ሰውዬ ግን በየበዓሉ እየመጣ አንድም ቀን አስመዝኖ አያውቅም። በዚያ ሐሩር ቆቡን እስከ ማጅራቱ ይደፋል። ጥፍሩም አፈር ነው።

«አጥንት ቆፋሪ ሌባ ነው ስልህ!» ይለኛል ባልደረባዬ ካስቶሪዮ።

ዛሬ ሊሰግድ ሲያጎነብስ ቆቡ ወደቀ። ማጅራቱ ሮምን ከበው እንደነበሩት ጠላቶቻችን፣ እንደ ሎምባርዶቹ፣ ተላጭቷል። ወንድሜን አንገቱን እንደ ውሻ በገመድ አስረው ለባርነት የነዱት እነሱ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሊቀ ጳጳሳችን ባያስታርቁን ኖሮ ጦሬን እዚያው እሰካበት ነበር።

«ጨርቁ ለማን ነው?» አልኩት።

«ከእናንተ ወገን ለሆነ ሰው። መቃብሩን የምጠብቅለት እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ተማርኮ ሲነዳ የታሰረበትን ገመድ የያዝኩትም እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አታስመዝነውም?»

«ካልከበደስ?»

ሟቹ ማን ይባላል ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።