የኮንጎ ጫማው ወርድ

ትናንት ልጄ የመጫወቻ ባቡሯን ሐዲድ ስትገጣጥም ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጅማ፣ ጅሬን ወዳለው ግቢያችን መለሰኝ። ጊዜው የደርግ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ከድር ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የሚያጫውተኝ አልነበረም። ብቻዬን የቡና ገለባ አንጥፌ፣ በላዩ ከተሰበረ ጃንጥላ የነቀልኩትን ሽቦ እዘረጋለሁ። ጅማ ባቡር የለም። እኔ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ከጎን የተሣለውን ስለነበር የዘረጋሁት አንድ መስመር ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ያደገው አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ አየኝና ጎንበስ አለ።

«ሁለት ነው እኮ ልጄ» አለኝ።

«በመሃላቸው ምን ያህል ይራቅ?»

ቤት ገባና ከድር ትቶት የሄደውን ኮንጎ ጫማ ይዞ ወጣ። በጫማው ወርድ እየለካ ሁለተኛውን መስመር እስከ አጥሩ በር አደረሰው። ከዚያ ጫማውን ሐዲዱ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ባቡርሽ ይኸው። ግን ከበሩ እንዳታስወጪው።»

ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ እሺ አልኩት።

ከድር አልተመለሰም። ትናንት የልጄ ባቡር ምንጣፉን አልፎ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ሳላስበው እጄን ዘርግቼ አቆምኩት።