ገደል ሥር የማይሰማው አንቴና

የሬድዮ ቴክኒሻንነት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ፒንሳና ከምሰሶ ጋር የሚታሰር የወገብ ቀበቶ ሰጠኝና ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ ያለውን ምሰሶ በአገጩ አሳየኝ። «ውጣና ከላይ የሚታይህን ንገረኝ» አለኝ። ወጣሁ። ነፋሱ እንባዬን እያፈሰሰው ቤቱን፣ መንገዱን፣ ገበያውን ቆጠርኩለት። ስወርድ «ቀበቶውን በእጅህ ይዘህ ነው የወጣኸው» ብሎ ሦስት ቀን ከምሰሶ አገደኝ።

ችኮላው አብሮኝ አረጀ። ተቀምጦ መጠበቅ አይሆንልኝም። ባለቤቴ «ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አማተር ሬድዮ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ በሬድዮ መገናኘት፣ የጀመሩ ወጣቶች እየደወሉ «ጋሼ፣ ለቤት የሚሆን ባለ ሁለት ባንድ አንቴና የቱን ልግዛ?» ይሉኛል። ሁሉም ቀድመው የሚጠይቁት ርዝመቱን ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ፤ ስማዳ ወረዳ ላይ የደረሰብኝን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ የአካባቢውን ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች በሬድዮ እንድናገናኝ ታዘዝን። ዋናው ሬድዮ የሚተከለው ስማዳ ውስጥ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ነበር። አምቡላንሶቹ ቪኤችኤፍ በሚባለው የሞገድ ክልል (ባንድ) የሚሠራ፣ ቆላ ያሉት ጤና ኬላዎች ደግሞ ዩኤችኤፍ በሚባለው የሚሠራ የእጅ ሬድዮ ነበራቸው። ምሰሶው አንድ፣ ገመዱም አንድ ስለሆነ ሁለቱንም ባንድ የሚይዝ አንቴና ያስፈልገን ነበር።

መጋዘን ውስጥ ሁለት አገኘሁ። አንዱ የሰው ቁመት ያህላል። ሌላው ሦስት ቦታ የሚቀጠል፣ ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ነው።

የሬድዮ ክፍላችን ኃላፊ አቶ ዘለቀ ወረቀቱን አገላበጡና «የዚህኛው ጉልበት እጥፍ ነው ይላል። ታዲያ ምን ያማርጣል?» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ሳይናገሩ ልቤ ረጅሙ ላይ አርፎ ነበር።

ተከልነው። አርብ ገበያ ያለው ጤና ጣቢያ ጥርት ብሎ መለሰልን። መካነ ኢየሱስም መለሰ፤ አቶ ዘለቀ አጨበጨቡ። ከገደሉ ሥር ያለው ጤና ኬላ ብቻ ዝም አለ። ምሰሶው ላይ ሆኜ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ አየዋለሁ፤ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ ይመስላል።

እዚያ የምትሠራው ውቢት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልንጠራራ ተቀጣጥረናል። ብጠራት የለችም። አቶ ዘለቀ «ልጅቷ ሬድዮውን አላወቀችበትም» አሉ። እኔም ተቀብዬ በገበያተኛ እጅ ማስታወሻ ላክሁላት፦ «ቁልፉን በአውራ ጣትሽ አጥብቀሽ ተጫኝ። ስትለቂው ብቻ ነው የምትሰሚው። ደጋግመሽ ተለማመጂ።»

አሥር ቀን አለፈ። የገመዱን ማያያዣ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ፤ ገመዱን ለካሁ፤ በቀን ሦስቴ ወጣሁ ወረድኩ። አንቴናውን ግን አልጠረጠርኩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድምጿ ድንገት መጣ። ታለከልካለች።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«የት ጠፍተሽ ነው?»

«አልጠፋሁም። የገደሉ ወገብ ላይ ወጥቼ ነው። እዚህ ጥርት ብለው ይሰሙኛል፤ ታች ግን ምንም የለም። ጋሼ፣ ጥሩወርቅ የምትባል ነፍሰ ጡር አለችኝ። የፊተኛውን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ እዚህ መውለድ አትችልም። ወሯ ገብቷል። ወደ ላይ ሄደሽ ጠብቂ ብላት ልጄን ለማን ትቼ አለችኝ። ምጥ ሲይዛት እሷን ጥዬ እዚህ ድረስ ልውጣ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የረጅሙ አንቴና ጉልበት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ሞገድ ጨምቆ ወደ አድማስ ይልከዋል። ከተራራ ተራራ ያደርሳል፤ ገደል ሥር ያለውን ሰው ግን በአናቱ ያልፈዋል። አጭሩ ያን ያህል ሩቅ ባይደርስም ሞገዱን ወደ ታችም ይበትነዋል። ይህን ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ።

አቶ ዘለቀ ዘንድ ሮጥኩ። «ሐሙስ ከዞን ጎብኚዎች ይመጣሉ። እስከዚያ እንዳትነካው» አሉ።

«አቶ ዘለቀ፣ ምጥ ሐሙስን ይጠብቃል?»

«መካነ ኢየሱስ ቢቋረጥ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ» አልኳቸውና መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ጥበቃው ገመድ ያዘልኝ። ነፋሱ ረጅሙን አንቴና እንደ አርጩሜ ያወዛውዘው ነበር፤ ሳወርደው እኔንም ይዞኝ ሊሄድ ምንም አልቀረው። አጭሩን ሰቀልኩ። አርብ ገበያ ደህና ነበር፤ የመካነ ኢየሱስ ድምፅ ግን መንሾካሾክ ጀመረ። አቶ ዘለቀ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠራሁ። ውቢት ከኬላዋ በር ላይ ሆና መለሰች። ድምጿ ትንሽ ይንሿሿል እንጂ ቃሉ ሁሉ ይለያል።

ረቡዕ፣ ከቀጠሯችን ሰዓት ውጭ፣ ጠራችኝ። ጥሩወርቅን ምጥ ይዟታል። በሬድዮ የጠራሁት አምቡላንስ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወረደ፤ እዚያ ድረስ የቀበሌው ሰው በቃሬዛ አደረሳት። እኔ ምሰሶውን ስዞር ዋልኩ። ሬድዮው አጠገብ ብቀመጥ እነሳለሁ፣ ብነሳ እመለሳለሁ። አሥር ሰዓት ላይ የአምቡላንሱ ሾፌር ከሆስፒታል በር ሆኖ በመኪናው ሬድዮ «እናትም ልጅም ደህና ናቸው» አለ። ጥበቃው እንዳያየኝ ዞሬ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ውቢት ለስብሰባ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። ስለ ማስታወሻው ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እኔማ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ፣ እርስዎ እንደጻፉት፣ አሥር ቀን ሙሉ ስለማመድ ከረምኩ» አለችና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ቆዳው ተልጦ ደርቋል።

አንቴና ስትመርጡ የሚሰማችሁ ሰው የት እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ። ማዶ ተራራ ላይ ላለ ሰው ረጅሙ ይሻላል፤ ከእግራችሁ ሥር ላለ ሰው አጭሩ። አይሰማኝም የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ እሱን ከማረማችሁ በፊት የራሳችሁን ዕቃ መርምሩ።