ያልማልኩበት ጠጠር

ሌባ አሉኝ። ሁለት ገልባጭ ጠጠር ተረክበህ አንዱን ሸጠሃል አሉኝ። ያሉኝም በሎጁ በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ፣ ከአሸተን ማርያም የሚወርዱ ሰዎች በቅሏቸውን አቁመው እየሰሙ ነው። አልሸጥኩም። ጠጠሩ የት እንዳለ ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ተናገርኩም፤ የሰማኝ የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሂሳቡ በትክክል ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ድንጋይ ስፈልጥ፣ ስጠርብ፣ ሳነጥፍ ነው። ከላሊበላ እስከ ኮን ድረስ እኔ የካብኩት ካብ ሳይኖር አይቀርም። አንዱም አልፈረሰም አልልም፤ የፈረሰውን ግን እኔው ሄጄ መልሼ ክቤዋለሁ።

ሎጁ የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀድሞ የባቄላ ማሳ በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ያን ማሳ በእኩል አርሼዋለሁ። ዋልካ ነው። ዋልካን ለማያውቅ ሰው፤ በክረምት ከእግር ላይ ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር ነው። አንድ በጋ ቢላዋዬ ስንጥቁ ውስጥ ገባብኝ። በሆዴ ተኝቼ እጄን እስከ ብብቴ ብሰድም አላገኘሁትም። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ እስከ እንግዶቹ ማደሪያ ድረስ በአትክልቱ መሐል የሚያልፍ መንገድ ፈለገ። ጥቁር ጠጠር ይነጠፍበት፣ ዳርና ዳሩ በቀይ ድንጋይ ይከበብ አለ። እንግዳ ፎቶ የሚነሳበት እንዲሆን ነው። ለልኩ ከከተማ አንድ ወጣት መሐንዲስ አስመጣ። ልጁ ሜትሩን ዘረጋ፤ ርዝመቱ ስድሳ ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር። የጠጠሩ ውፍረት ስምንት ሳንቲም ይሁን አለ። ስልኩን ነካካና፣

«ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሜትር ኩብ። አንዱ ገልባጭ አምስት ይጭናል። ሁለት ገልባጭ በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለ።

«አራት ነው» አልኩት።

«ምን አሉ አባባ?»

«አራት ገልባጭ። ይሄ መሬት ይበላል።»

«መሬት ይበላል? በግ ነው እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ዘበኛው እንኳ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወደ ቤቴ ሄጄ ቁናዬን አመጣሁ።

እኔ ጠጠር የምለካው እንደ እህል ነው፤ በክንድና በቁና። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚለካው። መሬቱን በገመድ በክንድ እከፍለዋለሁ፣ አንዷን ክንድ በክንድ በእንጨት ከብቤ ስንት ቁና እንደምትጠጣ አያለሁ፤ ከዚያ እቆጥራለሁ። ከወንዝ ባመጣሁት ጠጠር አንዷን ሞላሁ። ለስምንት ሳንቲም ውፍረት አራት ቁና ገባ። እስከዚህ ከልጁ ጋር አንድ ነን። ከዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰስኩበት፣ ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው ረገጥኩት፣ አሳደርኩት። ጠዋት ጥቁር ጭቃ ነው ያለው፤ ጠጠሩ እዚህም እዚያም ዓይኑን ያሳያል እንጂ የለም። ሌላ አራት ቁና ጨመርኩ። ያኔ ቆመ። ስምንት ቁና። እጥፍ ማለት ነው። መሐንዲሱን ጠርቼ አሳየሁት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ልኬት አይባልም። ውሃ አፍስሰው ረግጠውት!»

«ክረምትስ ምን የሚያደርግ መሰለህ? ጥላ ይዞ ያልፋል?»

«ካልሆነ ከሥር ሻካራ ድንጋይ ይነጠፍ» ብዬም ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ «አንተ አንጥፍ የተባልከውን አንጥፍ» አለኝ። በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ። አንተ አለኝ።

ግንቦት ላይ ሁለቱ ገልባጭ መጣ። ሁለት መረከቤን በአውራ ጣቴ ፈረምኩ፤ ያኔ ፊደል አላውቅም። አነጠፍኩት፤ ስምንት ሳንቲም ሞላ፤ አማረ፤ ፎቶ አነሱት። ለሙከራው ካመጣሁት የወንዝ ጠጠር የተረፈችውን ባለቤቴ ጭቃ እንዳይገባ ብላ በቤታችን ደጅ በተነቻት።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጥቅምት ላይ እንግዳ ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሎጁ በር አስጠራኝ።

«ጠጠሩን የት አደረስከው?»

«ከእግርህ ሥር ነው።»

«እዚህ አንድ ሳንቲም የለም! ሁለት ገልባጭ ተረክቤያለሁ ብለህ ፈርመሃል።»

«ቆፍር፤ ታገኘዋለህ።»

«አንዱን ገልባጭ ሸጠህ፣ አሁን ደግሞ የገና በዓል ሲደርስ አትክልቴን ላስቆፍርልህ? ሌባ! በደጅህ ያለውስ ጠጠር ከየት መጣ?»

መሐንዲሱ እዚያው ነበር። «በሂሳብ በቂ ነበር» አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። ያቺን ቃል ግን ሰው ሁሉ ሰማት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በመሐላ ያልቃል። የተጠረጠረ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «አልወሰድኩም» ብሎ ይምላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም። ፈጣሪ ይጠይቀው ብለው ይተዉታል። መሐላ የሸሸ ግን በቃ፣ ወስዷል። የነፍስ አባቴ ከቤቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ማልና ገላግለን።»

«አባቴ፣ እውነት አልወሰድኩም።»

«እሱኑ ነው ማል የምልህ።»

«አልምልም።»

«ለምን?»

«እኔ ብምል እኔ እድናለሁ፤ ጠጠሩ ግን እንደተሰረቀ ይቀራል። ነገ ደግሞ ዘበኛውን ማል ይሉታል። አካፋ እያለ ፈጣሪን ለአንድ ገልባጭ ጠጠር ምስክር አልጠራም።»

«ትዕቢት ነው ይሄ።»

«ይሁን አባቴ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ተነሡ። እኔ ግን ያን ተረት አልወደውም። እያደር ጠርቶ አላየሁም። እያደርኩ ያየሁት ሰው እየራቀኝ ሲሄድ ነው። የጎረቤት ካብ ሲፈርስ ከማዶ ሌላ ሰው ይጠሩ ጀመር። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ «አያ፣ ጠጠር ቁናው ስንት ገባ?» አለችኝ፤ አጠገቧ ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ላንቺ በነፃ ነው፤ አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ሽንኩርቱን ግን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ ደጁ ላይ ቆማለች።

«ልጥረገው፣ አንቱ። ሰው እያየው ያልፋል።»

«ተይው፤ ይይ።»

«ምናለ ግን ቢምሉ? እኔ አምናለሁ፤ የእኔ ማመን ገበያ አይወጣም።»

መጥረጊያውን ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ልክ ነበረች። ያም ሆኖ አልማልኩም። በማግሥቱ ሌላ እፍኝ የወንዝ ጠጠር አምጥቼ ደጁ ላይ ጨመርኩበት።

ለቀበሌው ማመልከቻ ላስገባ ፈለግሁና ከበሩ ላይ ለሰው ማመልከቻ ከሚጽፍ ሰው ጋር ተቀመጥኩ። «መሬቱ ተቆፍሮ ይታይልኝ» በል አልኩት። እሱ እየጻፈ፣ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ ጨረስን፤ በጣቴ ፈረምኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ጮክ ብላ ስታነበው «ጥፋቴ በሽማግሌ ታይቶ ይቅርታ እንዲደረግልኝ» ይላል። ተመልሼ ሰውየውን ያዝኩት።

«ምነው፣ የት አለ መሬቱ?»

«አያ፣ እንዲህ ሲሆን ነው የሚያዝኑልህ።»

ወረቀቱን ቀድጄ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ሀ ሁ ቆጠርኩ። እጄ መሮ የለመደ ነው፤ እርሳስ ይሰብር ነበር። መምህሯ፣ «ጋሼ፣ አይፍለጡት፤ ይጻፉት» ትለኝ ነበር። ተማርኩት ስል ብርሃን አየሁ ማለቴ አይደለም። አንድ ወረቀት ለመጻፍ ነው የተማርኩት።

ማባዛት ስንደርስ የመሐንዲሱን ሂሳብ አውጥቼ ሠራሁት። ስድሳ በሁለት፣ መቶ ሃያ። በስምንት ሳንቲም፣ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ልክ ነው! አንድም ስህተት የለበትም። የባሰ ያናደደኝ ይህ ነው። ስህተት ባገኝበት ይቀለኝ ነበር። ልጁ ማባዛት ያውቃል፤ የሚያባዛበትን መሬት አያውቅም። ሲሚንቶ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለት ገልባጭ በቂ ነበር፤ እንዲያውም ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ኅዳር ላይ ለገና እንግዳ ብለው መንገዱን እንደ አዲስ ሊያነጥፉት ተነሡ። ለልኩ ያው መሐንዲስ መጣና ያው ሁለት ገልባጭ አለ። እኔም በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ «አዲስ ጠጠር ከመፍሰሱ በፊት አሮጌው ይቆፈርልኝ። ካልተገኘ እንደ ሌባ ልቀጣ።» ጽሑፉ ጠማማ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ቀበሌው ሦስት ሽማግሌ መደበ፤ አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ሥራ አስኪያጁም መንገዱ ለማንኛውም ሊነካ ነውና እሺ አለ። «ባዶ ሲሆን ግን አልምርህም» አለኝ። «እንዳትምረኝ» አልኩት።

እኔ አካፋ አልነካሁም። የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን ሦስት ቦታ ተከሉ፤ ዘበኛው እሳቸው በተከሉት ላይ ክንድ በክንድ እየለካ ቆፈረ። ከላይ ጭቃ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከቶ ያፏጫል። ስንዝር ሲወርድ አካፋው መንጫጨት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ጠጠሩ እንደ ሥር ተሰዶ፣ በየስንጥቁ ተሰግስጎ፣ እስከ ጉልበት ድረስ ወርዷል። ዘበኛው ቀና ብሎ፣ «ወይ ጉድ! በልቶታል እኮ» አለ። ማፏጨቱ ቆመ።

ጠጠሩን በርሜል ውስጥ አጥበን በእኔ ቁና ሰፈርን። ከመጀመሪያው ጉድጓድ አራት ቁና፣ ከሁለተኛው ሦስት ተኩል፣ ከሦስተኛው አራት ተኩል ወጣ። ለእያንዳንዱ አራት ይደርሰዋል። አንዱን ገልባጭ ሸጬው ቢሆን ሁለት ሁለት ነበር የሚወጣው። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጮህኩ ሠራሁት።

«ርዝመቱ መቶ ሃያ ክንድ፣ ወርዱ አራት። አራት መቶ ሰማንያ። በአራት ቁና፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ቁና። የሃያ ሊትር ጀሪካን አራት ቁና ይይዛል፤ ስለዚህ ቁናዬ አምስት ሊትር ነው። አንተ፣ በስልክህ ምታው።»

መሐንዲሱ ነካካ። ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሜትር ኩብ» አለ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ፣ «ሙሉው እዚህ ነው ያለው» አለ። ለእኔ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለኝ። «አልነበረብህም» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ሥራ አስኪያጁ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከእግሬ ሥር ይውደቅ አሉ። እሱም ወዲያው እሺ ብሎ ከጠርዙ አንዱን ቀይ ድንጋይ ብድግ አደረገ። አነሣሡ ወገቡን ይሰብረዋል።

«አስቀምጠው» አልኩት። «ያን ድንጋይ ከቦታው የተከልኩት እኔ ነኝ። እኔ የምፈልገው ወረቀት ነው። ሌባ ያልከኝ በአፍህ ነው፤ አፍህ ደግሞ ያን ቀን በር ላይ የነበሩትን ሁሉ ዞሮ አያገኝም። ጻፍ፤ ማኅተም አድርግበት፤ በበሩ ላይ ለጥፈው።»

«ልጄ፣ ሰው ሲወድቅልህ አንሣው» አሉ የነፍስ አባቴ።

«አባቴ፣ አልወደቀም፤ ጎንበስ ነው ያለው።»

ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱን በዘበኛው ላከው። ደጄ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ጠፍቶ የነበረው ጠጠር ስለተገኘ ከባለሙያው ጋር በእርቅ ጨርሰናል» ይላል። መለስኩት። ጠጠሩ ጠፍቶ አያውቅም፤ ማንም አልሰረቀውም፤ እርቅም የሚሆነው ሁለቱ ሲበድሉ ነው በልልኝ አልኩት። ዘበኛው፣ «አያ፣ እንግዲህ ያዙት፣ ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለ። «እኔ» አልኩት።

ሁለተኛውም መጣ፤ «ተሳስተን ሊሆን ይችላል» ይል ነበር። እሱንም መለስኩት። ባለቤቴ፣ «አንቱ አሁንስ አበዙት» አለች። አብዝቼው ይሆናል። ሦስተኛው፣ «ሁለቱም ገልባጭ ጠጠር በተነጠፈበት መሬት ውስጥ ተገኝቷል። ሰውየው አልሰረቀም። ሌባ ያልነው በሐሰት ነው። አራት ገልባጭ ያስፈልጋል ያለው ትክክል ነበር» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚታረም ቃል አላገኘሁበትም። ሄጄ በሎጁ በር ላይ ሲለጠፍ ቆሜ አየሁ፤ ከሥሩ ማኅተም አለው፤ ከማኅተሙ ጎን ቀኑ ተጽፏል፤ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.