የረጀብ ዘር ድንችና የማርያም ዕለት እንግዶች

ረጀብ ሰው የሚንቀው በደረጃ ነው። ፎቶ የሚያነሳን ይንቃል፤ ፎቶ የሚነሳን የበለጠ ይንቃል፤ ለፎቶ ብሎ ሰው ሰብስቦ የሚያመጣን ግን ለመናቅም አይበቃም ይላል። ወርቅነህ የዚህ የመጨረሻው ወገን ነበር።

ረጀብ ሠላሳ ዓመት የጨርቅ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል። ከንፋስ መውጫ ስማዳ፣ ከስማዳ መካነ ኢየሱስ፣ ጣቃውን መጀመሪያ በአህያ፣ ኋላም በአውቶቡስ ጣሪያ እያጓዘ ሲሸጥ ጉልበቱ አለቀ። አያቱ «እስላም ርስት የለውም» እየተባለ አንድ ትልም ሳያርስ ሞቷል። አባቱም ዕድሜውን የፈጀው ጨርቅ በክንድ ሲለካ ነው። ረጀብ ግን ገበያ መዞር ሲያቅተው ንፋስ መውጫ ካለው ሱቁ ጀርባ ያለውን ባዶ ግቢ በዶማ ገለበጠው። ርዝመቱ አሥራ አራት እርምጃ፣ ስፋቱ ዘጠኝ። በሦስት ወገን ፎቅ ከቦታል፤ ፀሐይ አራት ሰዓት ላይ ገብታ ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች።

«መሬት የከለከሉን ሰዎች የልጅ ልጆች» ይላል አንገቱን ወደ ፎቆቹ ቀና አድርጎ፣ «ሲሚንቶ አፈሰሱበትና አሁን ቃሪያ ከኔ ይገዛሉ።»

በልጅነቱ የሚያውቃት ቀይ ድንች ከገበያ ከጠፋች ቆይታለች። ስማዳ ውስጥ ከአንዲት ባልቴት ጓሮ አሥር ፍሬ አገኘና ይዞ መጣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲያሰጋው ሳይሸጥ የቀረ ጣቃውን፣ አበባ ያለበትን ሳይቀር፣ እያወጣ ድንቿን ያለብሳት ነበር።

«ለኔ ቀሚስ የነፈግከውን ለድንች አለበስከው!» ትለዋለች ሚስቱ ሰፊያ።

«ድንቿ አትናገርማ።»

አምና ግን ቸኩሎ ቆፈረ። ቆዳው ያልጠና ድንች መደርደሪያ ላይ ውሎ አላደረም፤ አብዛኛው በሰበሰ። ዘንድሮ ተምሯል። ጥር አሥራ አራት ቀን አገዳውን ከሥሩ አጨደው። ከዚያ በኋላ ድንቿ ሦስት ሳምንት ሳትነካ አፈር ውስጥ ትቆያለች፤ ቆዳዋ ጠንቶ ለዘር የምትበቃው ያኔ ነው። ዘንድሮም ከበሰበሰች አለቀ። ባልቴቷ ሞታለች፤ ጓሮዋም ቤት ተሠርቶበታል።

ወርቅነህ የአንድ የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። በረጀብ በር ላይ «የከተማ እርሻ ጉብኝት» የሚል ሰሌዳ ተክሎ፣ ከጎረቤት ሆቴል ታንከር የውኃ ጎማ አስገብቶለታል። ጎማዋ ጠቅማለች። ሰሌዳው ላይ ሰፊያ ልብስ ታሰጣለች።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ወርቅነህ ሳይነግር ሳያስነግር አሥራ አምስት እንግዳ ይዞ ገባ። ከአዲስ አበባ ለንግሥ መጥተው ቤተ ልሔም ማርያም ደብር አክብረው የተመለሱ ናቸው። ከቤተ ልሔም እስከ ከተማ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ያን ሁሉ በሚኒባስ ተኝተው አለፉትና እርሻ ሊያዩ በፎቆች መካከል ወዳለች ጓሮ ገቡ። መንገድ ይመሯቸው የነበሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅም ጭራቸውን እንደያዙ ተከትለዋል።

ወርቅነህ ባዶውን መደብ ሲያይ ደነገጠ።

«ጋሽ ረጀብ፣ ቅጠሉን ምን አደረጉት?»

«አጨድኩት።»

«እንግዳ ሲመጣ?»

«ድንች እንግዳ አይጠብቅም።»

ብሩክታዊት የምትባል ጥቁር መነጽር ያደረገች እንግዳ ስልኳን አስጠጋችለት። «የኔ አባት፣ ኦርጋኒክ ነው?»

«የለም፣ ድንች ነው። ከመደቡ ላይ ውረጂልኝ፤ ድንቿ እግርሽ ሥር ናት።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሴትዮዋ ግን አልወረደችም፤ ለዚያውም የጫማዋ ተረከዝ ቀጭን ነው። ረጀብ እያንዳንዷን እርምጃዋን በሆዱ ቆጠራት።

ወርቅነህ ጆሮው ሥር መጣ። «አንድ መደብ ይቆፈርላቸው። ሲወጣ ያንሱና ይሄዳሉ።»

«ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል። አሁን ከወጣች ትበሰብሳለች።»

«ሌላ ቦታ እንዳልወስዳቸው ዛሬ ማርያም ናት። ማን ይቆፍርልኛል? ከእርስዎ ቤት የመጣሁት ለዚህ አይደል? እርስዎን በዓሉ አይከለክልዎት!» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ሁሉም ሰሙት። ዶማውንም ከግድግዳው አንስቶ ዘረጋለት።

ረጀብ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«አንተ ቆፍር።»

«እንዴት አድርጌ? በማርያም ዕለት?»

«ኃጢአት ነዋ?»

«ነው እንጂ!»

ረጀብ ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ፣ ዛሬ በሬ ይጠመዳል?»

«ምን ሲደረግ! አይጠመድም።»

«አህያስ ይጫናል?»

«አይጫንም።»

«እንግዲያው እርስዎ ሊቅ ነዎት፣ ይፍረዱኝ። እኔ ከበሬው ነው ከአህያው የማንሰው?»

መሪጌታ ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አስቀምጠው፣ ወርቅነህ» አሉ። «ለራስህ የፈራኸውን ለሰው አታሸክም።»

ከእንግዶቹ አንዱ በዓሉን አሁን ያስታወሰ ይመስል ነጠላውን አስተካከለ። ብሩክታዊትም ከመደቡ ወረደች፤ ስልኳን ግን አላጠፋችም፤ አሁን የምትቀርጸው ረጀብን ነበር። ረጀብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባት።

ወርቅነህ ዶማውን ጣለው። «እኛ ሰው እናድርግዎት እንላለን፣ እርስዎ ከአፈር አይወጡም። ጎማውን ግን እወስዳለሁ።»

«ውሰድ። ሰሌዳህንም አትርሳ።»

ሰፊያ ልብሷን ከሰሌዳው ላይ እያነሳች፣ «ጎማውን እንኳ ተውልን፣ ልጄ» አለች። እንግዶቹ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው እየጠበቁት ወርቅነህ ጎማውን ጠቅልሎ፣ ሰሌዳውን ነቅሎ ሄደ። መደቡ ላይ የተረከዝ ጉድጓዶች ቀሩ። በአንዱ ቀይ ድንች ብቅ ብላለች። ረጀብ ተንበርክኮ በመዳፉ አፈር አለበሳት።

«ኩራትህን ጠጣው እንግዲህ» አለችው ሰፊያ። «ውኃ የለም።»

ከሦስት ሳምንቱ ላይ ሦስት ቀን ጨምሮ ቆፈራት። አንድም ቆዳዋ የተላጠ አልወጣም። ድሮ ጣቃ ይደረደርበት በነበረው የሱቁ መደርደሪያ ላይ በአንድ በአንድ አሰለፋት። ጨርቅ ፈልጎ የሚገባ ሰው ድንቹን አይቶ ሲደናገር፣ ረጀብ «አልቋል» ይላል እንጂ አያብራራም። እሱና ሰፊያ ውኃ የሚቀዱት ከቦኖ ሆነ፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለሁለት ይዘው፣ ዳገቱ ላይ እያረፉ፣ እየተሰዳደቡ።

አንድ ቀን ጀሪካኑን እንዳወረዱ የሰፊያ ስልክ ጮኸ። ወርቅነህ ነው። መደርደሪያ ላይ የተሰለፈ ቀይ ድንች ወሬው ደርሶታል፤ ለፋሲካ የሚመጡ እንግዶች አሉት፤ ጎማውንም ሊመልስ ይችላል።

ሰፊያ ስልኩን በመዳፏ ከድና፣ «ምን ልበለው?» አለች።

ረጀብ ጉልበቱን እያሸ ነበር። «ሞቷል በይው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ሞቻለሁ ይልሃል» አለችው።