ግራጫ የሆነው የእማማ ስም

የጌጃ ሰፈር እድራችን መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሲወስን ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ሰፈሩ ደግሞ ኮምፒውተር የነካ ሁሉ በነጻ ያገለግላል ብሎ ያምናል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ቅጹን በሁለት ቀን ጨረስኩና ጎረርኩ።

አባላት ቅጹ ላይ ስልካቸውንና አዲስ አድራሻቸውን ያስተካክላሉ። ስማቸውን ግን ከጸሐፊው በቀር ማንም አይቀይረውም፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የሞተ የትዳር ጓደኛ ስም ያለበት ሳጥን ደግሞ ጭራሽ ዝግ ነው፤ ቅጹ ሲላክ እንኳ አብሮ አይሄድም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ ግን ለመልካቸው አንድ መስመር ኮድ ብቻ ጻፍኩ፤ የማይጻፍበት ሳጥን ሁሉ ግራጫ ይሁን የሚል። እንዲህ ያለው መስመር የሚነበበውንም የተዘጋውንም አንድ ላይ እንደሚያፍስ አውቅ ነበር። ሰነፍኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል ላፕቶፔን ዘርግቼ አባላትን አስተናገድኩ። የእማማ ተራ ደረሰ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ።

«እኔን ደግሞ መቼ ቀበራችሁኝ?» አሉ።

አልገባኝም። አጠገቤ የተቀመጠው የእድሩ ጸሐፊ ግን ክው አለ። ተነስቶ አሮጌውን መዝገብ አመጣና ገለጠልኝ። እኛ እድር ውስጥ አባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም፤ ነውር ነው። እርሳስ በስሱ ይታሽበታል፤ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። በየገጹ ግራጫ ስሞች ነበሩ፤ የባላቸውም አንዱ ነው። በእኔ ቅጽ ላይ ደግሞ የእሳቸውና የባላቸው ስም ጎን ለጎን፣ እኩል ግራጫ ሆነው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ምንም አልሆኑም እኮ። ስምዎ አለ፤ በትክክል ይላካል» አልኩ ቆጣ ብዬ። ጥፋቱ የኔ ሲሆን ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል።

«ታዲያ ምን አደበዘዘኝ? ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ከዚህ መዝገብ ከወጣሁ ማን ያነሳኛል?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ያንን አንድ መስመር ለሁለት ከፈልኩት። የተዘጋው ግራጫ ሆኖ ይቆይ። የሚነበበው ግን ፊደሉ ጥቁር ይሁን፣ ሲነኩትም ዙሪያው ይብራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ።

ገጹን አድሼ ማውዙን ሰጠኋቸው። ስማቸውን ነኩ፤ ሳጥኑ ዙሪያውን በራ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ አያታቸው ድረስ አነበቡት። ከዚያ የባላቸውን ነኩ። ደግመው ነኩ።

«እሱ ጋ አይበራም?»

«አይበራም እማማ። ዝግ ነው።»

ግራጫውን ስም ትንሽ አዩት።

«ይረፍ» አሉ። «ሳትሰርዘው መተውህ ደግ አደረግህ።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉና «በል፣ ስልኬ የት ነው የሚጻፈው?» አሉኝ። ላሳያቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት። ቁጥሩን አንድ በአንድ ራሳቸው ጻፉት።