አለምነህ የዘለለው ገጽ

እህቴን ማርያማዊትን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት የለም። ድንኳን የተቀደደበት፣ ስሊፒንግ ባግ የሚሉት የመኝታ ከረጢት ዚፕ የተበላሸበት አስጎብኚ ሁሉ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ሱቋ ይመጣል። ትሰፋለች፣ ታጥባለች፣ ታከራያለች። ጎንደር እንግሊዝኛ ተምራ አስተማሪ ሆና ነበር፤ «ሰው ላይ መጮህ አይሆንልኝም» ብላ ተወችው። መጮሁን ለእኔ ለታላቋ፣ ለጥሩዬ ትታው ነው። ጠላ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ፣ አፌም አያርፍም።

ባሏ፣ ድረስ፣ በቅሎ ጫኝ ነው። የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝም ያለ፣ እጁ ሰፊ፣ ሰው የማይነካ ሰው ነው። ሚስቱን እንዴት እንደሚያያት እኔ ነኝ የማውቀው፤ «ሳይሽ ባል ናፈቀኝ» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

አንድ ጥቅምት ታዲያ አንዲት ፈረንጅ ድንኳን ስትመልስ መጽሐፍ ረስታ ሄደች። ማርያማዊት ከፈተችው። ለጀማሪዎች የተጻፈ መምሪያ ነው። ሁለት አዋቂ ሰዎች ተስማምተው አንዱ ሌላውን ስለሚያስርበት፣ አንዱ አዛዥ አንዱ ታዛዥ ስለሚሆንበት የመኝታ ቤት ጨዋታ ያስተምራል። ፈረንጆቹ ቢዲኤስኤም ይሉታል አለችኝ። አማተብኩ። ካማተብኩ በኋላ ግን «እስቲ ቀጥዪ» አልኳት፤ ምን ልዋሽ።

ገመዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው አለች። መጀመሪያ ተነጋገሩ ይላል። የምትፈልገውን፣ የማትፈልገውን፣ የምትፈራውን ለይተህ ንገር። የታሰረን ሰው ጥለህ አትሂድ። መቀስ አጠገብህ ይኑር። ሲያልቅ ውሃ ስጠው፣ ጋቢ አልብሰው። «ኧረ ይሄ ከቄስ ምክር በምን ይለያል?» ብያት ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

እየተረጎመች ለድረስ አነበበችለት። እሱም አፍሮ አፍሮ «ቀኑን ሙሉ ሳስር ነው የምውለው፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ አንቺ እሰሪኝ» አላት። መጽሐፉ አንድ ቃል ምረጡ ይላል፤ የታሰረው ያንን ቃል ከተናገረ ሁሉም ነገር እዚያው ይቆማል፣ ለምን ብሎ ነገር የለም። ድረስ «ሊማሊሞ» አለ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ፍሬን ሳይዝ የሚወርድ ሾፌር የለማ! እሷም ገጹ ዳር ላይ «የድረስ ቃል፦ ሊማሊሞ» ብላ በእርሳስ ጻፈችው። ባልና ሚስት ናቸው፣ በራቸው ዝግ ነው፣ ማንንም አልነኩም።

አለምነህ የድረስ ያጎቱ ልጅ ነው። አስጎብኚ፣ እንግሊዝኛው የሚንቆረቆር፣ ጃኬቱ ሁልጊዜ አዲስ። ድንኳን ሊከራይ መጥቶ ማርያማዊት ወደ ጓዳ ስትገባ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ የት ሄደ? የእኔ ጠላ ቤት! ምላሱ ይቆረጥና፣ በእኔው ቤት፣ በእኔው ጠላ!

ጓዳ ሆኜ ሳቅ ሰማሁ። ብቅ ስል አለምነህ አግዳሚ ላይ ቆሞ ለበቅሎ ጫኞች እያነበበ ነው። ዓይን መሸፈኑን፣ መንበርከኩን፣ ገመዱን እየመረጠ፣ ሌላውን እየዘለለ። «ድረስን በዓይናችሁ ሳሉት እንግዲህ! ሲጨንቀው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ሊማሊሞ!» አለ። የያዝኩትን ጣሳ ወረወርኩበት። ግንባሩን ስቼ ግድግዳውን መታሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መጽሐፉን ግን ከእጁ ነጥቄዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ድረስ በቅሎውን እየሳበ ባለፈ ቁጥር ከየበረንዳው «ሊማሊሞ!» ይሉታል። ሴቶቹ ደግሞ እህቴ ሰይጣን ታመልካለች አሉ፤ ድንኳን የሚያሰፋ ጠፋ። ድረስ ለማንም አልመለሰም። አንድ ቀን ጭነቱን አራግፎ፣ በቅሎዋን አስሮ፣ ደረስጌ ወደሚገኘው አባቱ ቤት ሄደ። እዚያ ቤት ጠመንጃ ተሰቅሏል። ተዋርዶ፣ ጠመንጃ ያለበት ቤት ገብቶ ዝም ያለ ወንድ ምን እንደሚያስብ እኛ አገር የማያውቅ የለም።

ማርያማዊት አላለቀሰችም። «ባሌን ነፍሰ ገዳይ አላደርገውም» አለችኝ። «አለምነህን ግን አልተወውም፣ እት ጥሩዬ። አልተወውም!» ሰው ላይ መጮህ የማይሆንላት እህቴ ስትጮህ ያኔ ሰማኋት። እኔም ዓይኔ ደም ለብሶ ነበርና ደስ አለኝ።

ደም እንዳይፈስ ቄሳችን አባ ተክለ ማርያም ሽማግሌ ሰበሰቡ። ማርያማዊት መጽሐፉን ስታሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ፣ «ሥዕሉን እንኳ አላይም፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በዚህ ነገር ሌላ ሰው አለበት?»

«እኔና ባሌ ብቻ ነን፣ አባ።»

«እንግዲያው አለምነህን ምን ዶለው? የባልና ሚስት ገመና አደባባይ ያወጣ እሱ ነው። ድንጋይ ይሸከም።»

እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ በተበዳዩ እግር ሥር ይንበረከካል። ተበዳዩ «አንሱለት» እስኪል አይነሳም። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይባላል፤ ሽማግሌው ይለምናል፣ ተበዳዩ ትንሽ ይኮራል፣ ያበቃል። አለምነህም ይህን ቆጥሮ ነው እሺ ያለው። ድረስ ግን አልመጣም አለ። ማርያማዊት «ለገመድ ካመንከኝ ለዚህም እመነኝ፣ ጠመንጃውን ትተህ ና» ብላ ላከችበት። ባዶ እጁን መጣ።

በጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ጉዱን ሊያይ አገሩ ሁሉ መጥቷል። እታለምም፣ የአለምነህ ሚስት፣ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ተቀምጣለች። በየጊዜው በር ገጨኝ፣ ደረጃ ጣለኝ የምትል ሴት ናት። ቤታቸው ደረጃ የለውም። ለእሷ የተቀመጠ ሽማግሌ ግን አይቼ አላውቅም። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ አልመረጥኩም።

አለምነህ ተሸክሞ መጣና ድረስና ማርያማዊት እግር ሥር ተንበረከከ። «ስለ እመቤታችን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ድረስ ወደ ሚስቱ አየ። እሷ መጽሐፉን ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

«ጠላ ቤት ስታነብ የዘለልከው ገጽ አለ» አለችው። «አሁን አንብበው። በአማርኛ።»

«ልጄ…» አሉ አባ።

«እሱ የጀመረውን ይጨርስ፣ አባ። ከዚያ የእርስዎን እሰማለሁ።»

ገጹን ፊቱ ሥር ያዘችለት። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ማንንም…» አለ። «ማንንም ያለ ፈቃዱ ማሰር፣ መምታት፣ ማዋረድ ጨዋታ አይደለም፣ ጥቃት ነው።» ዓይኑን ከገጹ ነቀለ።

«ቀጥል።»

«የገዛ ሚስትህም ብትሆን። በቃ ስትልህ ካላቆምክ… ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ በደል ነው።»

«ሴቶቹ አልሰሙህም። ድገመው።»

ደገመው። ድንጋዩ አንገቱን ወደ መሬት ይጫነው ጀመር። የእኔ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ እውነቱን ልናገር፣ እዚያው እስኪመሽ ቢያቆዩት አልጠላም ነበር። ሽማግሌዎቹ ለመኑ። ማርያማዊት ዝም ብላ ታየዋለች። «አንገቴ!» አለ። «እህቴ፣ በእናትሽ!» አለ። በመጨረሻ ፊቱ ጠቁሮ፣ እንባው ወርዶ፣ «ሊማሊሞ!» ብሎ ጮኸ።

«አንሱለት!» አለች ማርያማዊት ወዲያውኑ። ሁለት ሰዎች ዘለው አነሱለት። «እኛ ቤት ቃሉ ከተባለ እጅ ይቆማል። ሰማችሁ?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። ድረስ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ አጠገቧ ቆመ።

አባ መስቀላቸውን አወጡ። «ይቅር አልሽ፣ ልጄ?»

«የእኔን ጨርሻለሁ፣ አባ። ሌላ የተበደለ ካለ ይጠየቅ።»

ያኔ እታለም ተነሳች። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ግንባሯ ላይ ያለውን ቁስል ሁሉም አየ። እየተራመደች መጥታ ገና አንገቱን እያሸ ከተቀመጠው ባሏ ፊት ቆመች።

«እኔ በቃህ ያልኩህ ስንት ጊዜ ነው፣ አለምነህ?»

መሬት መሬት ያያል።

«አባ» አለች፣ «ድንጋዩን ይመልሱበት። ተራው የእኔ ነው።»

አባ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ እኔ ሄድኩና ድንጋዩን አንስቼ አንገቱ ላይ መለስኩት። ማንም አልከለከለኝም።